ከልብ ሕመም በኋላ ወደ ሥራ ገበታ፦ የልብ ማገገሚያ አገልግሎቱን እንዲህ አገኘሁት

61 ዓመቴ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል አስገባለሁ፣ ካርቶን ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፣ ሰው ሲጠፋም ራሴ ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያዘኝና የተዘጋው የደም ሥር ስቴንት በሚባል ትንሽ የሽቦ ቱቦ ተከፈተልኝ። ከሆስፒታል ስወጣ የልብ ሐኪሜ ወደ ልብ ማገገሚያ ክፍል ላከኝ። እዚህ የምጽፈው ስለዚያ አገልግሎት ነው። ክፍሉን በስም አልጠራውም፤ እንዲህ ያለ ክፍል በብዙ አገር ስላለና አሠራሩም ስለሚቀራረብ የማወራው ስለ አሠራሩ ነው።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አራቱን ያገኘበት ዋናው ምክንያት ሥራዬን ቁጭ ብሎ ስለለካልኝ ነው። ከታመምኩ ወዲህ ያነጋገረኝ ሰው ሁሉ ዕድሜዬን ይጠይቃል፤ መልሴን ሲሰማ ራሱን ነቅንቆ “እንግዲህ ይበቃዎታል፣ ይረፉ” ይለኛል። እዚያ ግን የተጠየቅሁት ሌላ ነው። “በቀን ስንት ካርቶን ያነሳሉ? አንዱ ስንት ኪሎ ይሆናል? የላይኛው መደርደሪያ ከትከሻዎ በላይ ነው? ሊፍት አለ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይቆማሉ?” ብለው አንድ በአንድ ጽፈው ያዙ። ከዚያ በፊት ሥራዬን እንዲህ በዝርዝር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ አለቃዬንም ጨምሮ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ረጅም ስለሆነ ሰዓታችሁን ሰፋ አድርጋችሁ ሂዱ። ክብደት፣ የደም ግፊት፣ የምትወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ ይመዘገባሉ። ቀጥሎ ኮሪደር ላይ ያወጧችኋል። ቀጥ ያለ 30 ሜትር ኮሪደር ነው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ምልክት ቆሟል። በራስ ፍጥነት 6 ደቂቃ መመላለስ ነው። ሩጫ የለም፤ ሲደክም ቆሞ ማረፍ ይቻላል፣ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕመሙ ወዲህ ማንም ሳይደግፈኝ ፈጠን ብዬ ተራመድኩ። ነርሷ ከጎኔ ሆና አልሄደችም፣ ራቅ ብላ ነው የተከታተለችኝ፤ ቆይታ እንደነገረችኝ አጠገብ የሚሄድ ሰው የተመርማሪውን ፍጥነት ስለሚለውጥ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ በላይ ነበር። ቤት ውስጥ ልጆቼ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ክንዴን ይዘው ነበር የሚያደርሱኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ ደረቴ ላይ የልብ ምትን የሚመዘግብ የኢሲጂ ሽቦ ተለጥፎ ትሬድሚል (የመራመጃ ማሽን) ላይ ወጣሁ። ውጤቱ የሚነገረው “ሜት” በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ሜት ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያወጣው ጉልበት ነው፤ በኦክስጅን ሲሰላ በደቂቃ ለአንድ ኪሎ ክብደት 3.5 ሚሊ ሊትር። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መሥራት 1.5 ሜት ገደማ ይጠይቃል። ደልደል ባለ መንገድ ላይ ሞቅ ያለ እርምጃ 3.5 አካባቢ ነው፣ ደረጃን ቀስ ብሎ መውጣት 4፣ መጠነኛ ሸክም ይዞ ደረጃ መውጣት ደግሞ 5 ይደርሳል። የእኔ ጣሪያ ያን ቀን 6 ሆነ።

ይህን ቁጥር ሰምቼ ወደ ቤት ብሄድ ኖሮ ምንም አይጠቅመኝም ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን ወረቀት አወጣችና ሥራዬን ከቁጥሩ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሥራ በአማካይ ከሰው ከፍተኛ አቅም 40 በመቶ ገደማ ባያልፍ ይመረጣል፤ የ6 ሜት 40 በመቶ 2.4 ነው። እንግዲህ ፋይል መመዝገብ፣ ማስተካከል፣ ስልክ መመለስ በሰላም ይገባል። ካርቶን ይዞ ደረጃ መውጣት ግን ጣሪያዬን ሊነካ ነው። ስለዚህ ሥራዬ በአንድ ቃል “ከባድ” ወይም “ቀላል” ሳይባል ተበታተነና እያንዳንዱ ክፍሉ የራሱን መልስ አገኘ። ለዕድሜ ጠጋ ላልን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስፖርት የማይሠራ ሰው ከፍተኛ አቅሙ ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ እዚያው ነው የተማርኩት። የወጣትና የእኔ ጣሪያ እንደማይተካከል ይታወቃል፤ ቁም ነገሩ ሥራው ከየራሳችን ጣሪያ በታች መሆኑና ጣሪያውም በልምምድ ከፍ ማለቱ ነው። የእኔም ከፍ ብሏል።

አሁን በጣም ወደረዳኝ ክፍል ልምጣ። ከልምምድ አዳራሹ ጥግ ላይ ተራ መደርደሪያና ካርቶኖች አሉ። ብስክሌቱንና ትሬድሚሉን ሁሉም ቦታ ታገኙታላችሁ፤ ያን መደርደሪያ ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ፊዚዮቴራፒስቷ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ካርቶኑ ውስጥ ወረቀት ሞልታ ሚዛን ላይ አስቀመጠችና “እትዬ፣ የቢሮዎ ካርቶን ይህን ያህል ይሆናል?” አለችኝ። አነሳሁት። አይሆንም፣ ይከብዳል አልኳት። ጨመረችበት። ልክ የእኛን መዝገብ ቤት ካርቶን ሲመስል “በቃ ይሄ ነው” አልኳት።

ከዚያ ከወለል ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ላይ፣ በየመካከሉ የደም ግፊት እየተለካ አነሳሁ። ሁለት ነገር አየን። አንደኛ፣ ሳነሳ ትንፋሼን እይዛለሁ። ዕድሜ ልኬን ያነሳሁት እንደዚያ ነው፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ነው የሚያነሳው። ትንፋሽ ይዞ ማንሳት የደም ግፊትን በአንድ ጊዜ ያንረዋል፤ ለተጎዳ ልብ ደግሞ ጥሩ አይደለም። “ሲያነሱ ያስወጡ፣ ሲያስቀምጡ ያስገቡ፣ እየቆጠሩ ያንሱ” አለችኝ። መቁጠሩ ዘዴ አለው፤ ድምፅ አውጥቶ እየቆጠረ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው የለም። ሁለተኛ፣ ክንድን ከትከሻ በላይ ሰቅሎ መሥራት እንደዚያው ያለ ሥራ በእግር ከመሥራት ይልቅ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ቢሮ ውስጥ “ምን አላት፣ ቆማ ፋይል ትደረድራለች” የሚባለው ሥራ ሲለካ ደረጃ ከመውጣት የማይተናነስበት ጊዜ አለ። ይህን መለኪያው ላይ በዓይኔ ሳየው፣ ሳልታመምም በፊት ከሰዓት በኋላ ለምን እንደዚያ ይደክመኝ እንደነበር ገባኝ።

ግድግዳው ላይ ከ6 እስከ 20 የተጻፈበት ሠንጠረዥ አለ። ጉንናር ቦርግ የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ የሠራው የድካም መለኪያ ነው። 6 ምንም ድካም የለም፣ 11 ቀላል፣ 13 ትንሽ ከበድ ያለ፣ 20 ከዚያ በላይ የማይቻል። ቁጥሮቹ በ10 ሲባዙ የጤነኛ ወጣትን የልብ ምት እንዲጠጉ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ለእኛ ግን የሚጠቅመን በሌላ በኩል ነው። ቤታ ብሎከር የሚባለውን መድኃኒት የምንወስድ ሰዎች ብንደክምም የልብ ምታችን እንደሌላው ሰው አይፈጥንም፤ እጅ ላይ የሚታሰረው ዲጂታል ሰዓት “ደህና ነሽ” ቢል ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ስለዚህ ራስን መጠየቅ ያስፈልጋል፦ አሁን ስንት ላይ ነኝ? ለእኔ የተሰጠኝ ከ11 እስከ 13 ነው። ከዚያም ቀላል ማረጋገጫ አለ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልኩ ደህና፣ ቃል በቃል እየቆራረጥኩ ከሆነ ማቆም። መዝገብ ቤት ውስጥ ሠንጠረዥ ማንበብ ስለማይመች ይህኛውን ነው የያዝኩት። ባልደረባዬም ስለለመደችው፣ ካርቶን ይዤ ስታየኝ አንድ ነገር ትጠይቀኝና መልሴን ትሰማለች።

ከልምምዱ በፊት በየጊዜው አጭር ትምህርት አለ። ስለ መድኃኒት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ማጨስ። አንዳንዱ በችኮላ ያልፋል። ከሁሉ የቀረልኝ የታሪኩ ነው። ድሮ የልብ ሕመም የያዘው ሰው ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይነሳ ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ ሐኪሞች ሕመምተኞችን በቶሎ ከአልጋ አውርዶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል ጽፈው ብዙ ሐኪም ደነገጠ። በ1955 ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በሥልጣን ላይ እያለ ልቡን ታመመ፣ 65 ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሰባት ሳምንት ገደማ ሆስፒታል ተኛ። ካከሙት አንዱ የሆነው ፖል ዱድሊ ኋይት የልብ ሕመምተኛ ቀስ በቀስ ወደ እንቅስቃሴና ወደ ሥራ መመለስ አለበት የሚል ሐኪም ነበር። አይዘንሃወር ተመለሰ፣ በ1956 እንደገና ተመረጠ፣ እስከ 1961 መጀመሪያ ድረስም ሠራ። ይህን የሰማሁ ቀን ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱም ለእህቴ ደውሎ ነገራት፤ እህቴ “ሥራ ይቅርብሽ” ባይ ነበረች።

አገልግሎቱ ከሐኪም ወረቀት የሚለየው በደብዳቤው ነው። ከሆስፒታል የተሰጠኝ ወረቀት “ቀላል ሥራ እንዲሰጣት” ይላል፣ አበቃ። ይህን ይዤ መሥሪያ ቤት ብሄድ የሰው ኃይል ክፍል ቀላል ሥራ የለንም ብሎ ይመልሰኛል፤ ወይም ጥግ ላይ አስቀምጦ ጡረታዬን ይጠብቅልኛል። የማገገሚያ ክፍሉ ደብዳቤ ግን እንዲህ ይል ነበር፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን እየዘለለች፤ ከወለል እስከ ወገብ ከ5 ኪሎ ያልበለጠ ታንሳ፤ ከትከሻ በላይ ለጊዜው አታንሳ፤ ደረጃ በባዶ እጅ ትውጣ፤ ካርቶን በጋሪ ይጓጓዝ፤ ከዚህ ቀን በኋላ እንደገና ተለክታ ይሻሻላል። መጨረሻው ላይ ያለው ቀን ትልቅ ቁም ነገር ነው። አለቃዬ ደብዳቤውን ሲያነብ ዓይኑ እዚያ ላይ ነው ያረፈው። ገደቡ ጊዜያዊ መሆኑን ሲያይ ፊቱ ተፈታ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አላመቸም። “እርስዎ እኮ ብዙ ለፍተዋል፣ ለምን ጡረታዎን ቀድመው አይወጡም?” ብሎኝ ነበር። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሰው ታሞ ሲመለስ የመጀመሪያው ቃል የመውጫ በር ሲሆን ያማል። እኔ ሥራዬን እወዳለሁ። የትኛው መዝገብ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ቁጥሩ የጠፋበትን ፋይል በጉዳዩ ዓመትና በባለጉዳዩ አቤቱታ ዓይነት ፈልጌ አገኛለሁ። ይህ በአንድ ቀን የሚተላለፍ ዕውቀት አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት (አይኤልኦ) ስለ ዕድሜ ጠገብ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 162 ላይ፣ ሥራውን ለሠራተኛው ማመቻቸትና በዕድሜ ምክንያት አለማዳላት ተቀምጧል። ይህን ለአለቃዬ አልጠቀስኩለትም፤ አላስፈለገም። ደብዳቤውን ይዘን ሥራውን አብረን ከፋፈልነው፣ የላይኛው መደርደሪያ ለወጣቱ ባልደረባዬ ሆነ፣ የእሱን የምዝገባ ሥራ እኔ ወሰድኩ። እሱም ደስ ብሎታል፤ ምዝገባ አይወድም።

እዚህ ላይ ለተመላሾች አንድ ነገር ልበል። ባልደረቦች ከፍቅር ብዛት እጃችሁን ያስሩታል። እኔ ብዕር ስፈልግ እንኳ ሦስት ሰው ይነሳ ነበር። ውሃ ይቀዱልኛል፣ ወንበር ይስቡልኛል፣ ስነሳ “ወዴት ነው?” ይሉኛል። ፍቅራቸውን አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ሰው ካልተንቀሳቀሰ ጡንቻው ይሟሟል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ጥቂት ቀን አልጋ ላይ ቢውል እንኳ ከእግሩ የሚያጣው ጡንቻ ቀላል አይደለም። ይህን ስነግራቸው ገባቸው። ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠችኝን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፦ የማደርገው ይሄ፣ የማላደርገው ይሄ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተዝናና።

ደረቴን ሲያጨንቀኝ የምወስዳት ናይትሮግሊሰሪን ክኒኔ የት እንዳለችም ሁለት ሰው እንዲያውቅ አደረግሁ። ይህንንም ያስተማረኝ ክፍሉ ነው። ክኒኗ ከመጣችበት የብርጭቆ ጠርሙስ ወጥታ ሌላ ዕቃ ውስጥ ከከረመች ኃይሏን ታጣለች፤ የየዕለቱ መድኃኒት በሚቀመጥበት የክኒን ሣጥን ውስጥ አትደባለቅም። ደረት ሲያጨንቅ መቀመጥ፣ አንድ ክኒን ከምላስ ሥር ማድረግ፣ በ5 ደቂቃ ካልተሻለ አምቡላንስ መጥራት። ባልደረቦቼ ይህን ስለሚያውቁ እኔም እነሱም ያለ ሥጋት እንውላለን።

አሁን አንዷን ኮከብ ስለቀነስኩበት። ትልቁ ጉድለት ሰዓቱ ነው። ልምምዱ የሚሰጠው በሥራ ሰዓት ብቻ ነበር። ወደ ሥራ እንድንመለስ የሚያዘጋጅ አገልግሎት፣ ስንመለስ ደግሞ መከታተል የማንችለው ሆኖ መገኘቱ ያሳዝናል። እኔ ግማሽ ቀን በምሠራበት ጊዜ ቻልኩ፤ ሙሉ ቀን ስጀምር ግን ተቋረጠብኝ። ከእኔ ጋር የነበረ ሾፌር ጭራሽ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ሳይጨርስ ቀረ። ደመወዙን የሚቆርጥ አሠሪ ያለው ሰው ልብ ይሻላል ወይስ ዳቦ በሚል ምርጫ ላይ መቆም የለበትም። ይህንን በአስተያየት መስጫ ቅጹ ላይ በግልጽ ጽፌያለሁ፣ ኃላፊዋንም አነጋግሬያታለሁ። በጥሞና ነው የሰማችኝ።

ሁለተኛው ስለ አእምሮ ነው። ከልብ ሕመም በኋላ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ወደ ድብርት ይገባል፤ ይህን ራሳቸው በትምህርቱ ላይ ነግረውናል። ከነገሩን በኋላ ግን የሰጡን የሚሞላ መጠይቅ ነው፣ መልሱን ይዞ ያነጋገረኝ ሰው ዘግይቶ ነው የመጣው። እኔ ማታ ማታ የልቤን ምት እያዳመጥኩ እንቅልፍ አጣ ነበር። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ደግሞ ያነበብኩትን ደብዳቤ እንደገና አነብባለሁ፣ የጀመርኩትን እረሳለሁ። በማርጀቴ ነው ብዬ ለራሴ ማልቀስ ቃጥቶኝ ነበር። በመጨረሻ ያነጋገረችኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ድካምና የእንቅልፍ እጦት ሐሳብን እንደሚበትኑ፣ ብዙ ሰው ላይ እንደሚታይና እየተሻለ እንደሚሄድ አስረዳችኝ። የአንድ ሰዓት ንግግር ነበር። ያ ሰዓት መጀመሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ ስንት ሌሊት በተኛሁ።

ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ የሚታደለው ጽሑፍ ፊደሉ ደቃቅ ነው። አብዛኞቻችን መነጽር የምናደርግ ሰዎች ነን፣ ያስተካክሉት።

አገልግሎቱ የማይነካው ጉዳይም አለ፣ በእነሱ አልፈርድም። እኔ በሌለሁበት ጊዜ መሥሪያ ቤቴ አዲስ የኮምፒዩተር መዝገብ አስገብቶ ነበር። ሁሉም ሥልጠና ወስዶ ጨርሷል፣ እኔ ብቻ ቀረሁ። ከሕመም የሚመለስ ሠራተኛ ሰውነቱ ብቻ አይደለም የሚመለሰው፤ ሥራውም እሱ ትቶት የሄደው አይደለም። ሥልጠናውን አንድ ቀን ሙሉ ሳይሆን በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ እንዲሆንልኝ ጠይቄ ተፈቀደልኝ። ጠዋት የመረጥኩት አእምሮዬ ጥርት የሚለው ያኔ ስለሆነ ነው። ጡረታ የደረሰ ሰው ምን ያደርግለታል ብለው ሥልጠናውን ሊያልፉኝ ይችሉ ነበር። ስላላለፉኝ አመሰግናለሁ።

ለማን ይሆናል ካላችሁ፣ ቆሞ ለሚሠራ፣ ለሚያነሳ፣ ለሚመላለስ፣ ወደዚያው ሥራው መመለስ ለሚፈልግ ሰው ሐኪሙ ከፈቀደለት ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ። በዕድሜ የገፋችሁ በተለይ “ለእኔ ምን ያደርግልኛል” ብላችሁ አትቅሩ፤ ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች አብረውኝ ነበሩ፣ አቅማቸውም ሲጨምር አይቻለሁ። ሥራችሁ ሙሉ በሙሉ የወንበር ከሆነ ግን የመደርደሪያው ልምምድ ብዙም ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ መራመዱና ትምህርቱ ይበቃችኋል።

ስትሄዱ የሥራችሁን ዝርዝር ጽፋችሁ ያዙ፦ የምታነሱትን ክብደት፣ የደረጃውን ብዛት፣ የምትቆሙበትን ሰዓት፣ የመደርደሪያውን ከፍታ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑ ይዛችሁ ሂዱ። ለአሠሪ የሚጻፈው ደብዳቤ ላይ እንደገና የምትለኩበት ቀን መኖሩን ሳታዩ አትቀበሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት ደግሞ የምሽት ክፍለ ጊዜ እንዳላቸው ጠይቁ፤ እኔ የነበርኩበት ክፍል በቅርቡ በሳምንት አንድ ምሽት ጀምሯል፣ ተመዝግቤያለሁ።